የልጄ ማህፀንና የእኔ በረኪና

በሕይወቴ ከማንም በላይ ያመንኩት በረኪናን ነው። ይህን ስል አትሳቁብኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ጭሮ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ሠራተኛነት ሃያ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሐኪሙ ሲቀያየር፣ መድኃኒቱ በሌላ ሲተካ አይቻለሁ፤ በረኪና ግን ያው በረኪና ነው። የማዋለጃ አልጋውን፣ ደም የነካውን ወለል፣ መጸዳጃውን፣ ሁሉንም የማጸዳው በእሱ ነበር። ስቀጠር ያሠለጠነችን ነርስ «ጀርም ለእኛ አይታየንም፤ በረኪና ግን አያመልጠውም» ብላን ነበር። ያ ንግግር ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

ደግሞ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ልጄ ሂሩት ሕፃን ሳለች ጡጦዋን ሦስት ጊዜ ነበር የማፈላው። አባቷ ገና ዳዴ ስትል ስለሞተ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ጎረቤቶቼ «አስካለ ቤት ዝንብ እንኳ እግሯን ታጥባ ነው የምትገባው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም ይህን እንደ ምስጋና እወስደው ነበር።

ሂሩት ገለምሶ የሚያስተምር ታደለ የሚባል መምህር አገባች። ታደለ የወሎ ሰው ነው፤ ለሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ዝምተኛ ልጅ። በተጋቡ በዓመቱ ሂሩት አረገዘችና በሦስተኛው ወር ፅንሱ ጨነገፈባት። ላሳርፋት ብዬ ወደ እኔ ጭሮ አመጣኋት። ትኩሳት ያዛት፤ ከእምብርቷ በታች አመማት። ሕክምና ወስጃት መድኃኒት ተሰጣት፤ ሻል አላት። እኔ ግን መድኃኒቱ ብቻውን አልበቃኝም። ውስጧ ቁስል አለ፤ ቁስል ባለበት ጀርም አለ፤ ጀርም ባለበት ደግሞ እኔ አለሁ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በረኪና ጠብ አደረግሁና ውስጧን እንድትታጠብ አሳየኋት። ወደ ባሏ ስትመለስ እንኳ «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እንዳትረሺ» ብዬ ነው የሸኘኋት።

ሁለት ዓመት አለፈ። ልጅ የለም። አልፎ አልፎ ስትደውል «እማዬ፣ ያቃጥለኛል» ትለኛለች።

«ጀርሙ ሲሞት ነው የሚያቃጥለው» እላታለሁ። እንዲህ ነበር የምላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሳትደውል ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ገርጥቷል፤ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋለች።

«ምን ሆንሽ?»

«አመመኝ። ደግሞ የታደለ እናት ትናንት ደውለው ነበር። የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰማሁት።»

«ምን አሉ?»

«አንድ ማሳ አላበቅል ካለ ሌላ ማሳ ይታረሳል አሉት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ዝም ነው ያለው። ዝምታውን ነው የፈራሁት።»

ቁርስ እንኳ አላስቀመስኳትም። ባጃጅ ይዘን ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ድካም ይታይበታል፤ አነጋገሩ ግን ረጋ ያለ ነው። ሂሩትን ከመጋረጃው ጀርባ አስገባት፤ እኔን በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። መጋረጃው ድምፅ አይከለክልም። ሁሉንም እሰማለሁ። ሕመሙ መቼ እንደጀመራት፣ የወር አበባዋ እንዴት እንደሆነ፣ ፈሳሽ እንዳላት ጠየቃት። ከዚያ እንዲህ አላት፦

«በምንድን ነው የምትታጠቢው?»

«በውሃ።»

«በውሃ ብቻ? እዚህ ጋ የተቆጣው ቦታ በውሃ ብቻ የሆነ አይመስለኝም።»

አልጋው ሲንሲያጠጥ ሰማሁ።

«በረኪና ጠብ አደርግበታለሁ» አለች በመጨረሻ።

«ውስጥሽን?»

«አዎ።»

«ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ ስሜን ጠበቅሁ። «እናቴ» እስክትል።

«ማንም። ራሴ ነኝ» አለች።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል ግን ያቃጠለኝ የለም። ልጄ እዚያ አልጋ ላይ ተኝታ፣ እያመማት፣ የእኔን ክብር ትጠብቃለች።

ሐኪሙ የላብራቶሪ ወረቀት ጻፈላት። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«እና ምን ልበል? እዚያ በር ላይ ተቀምጠሽ፣ እናቴ ናት ልበል?»

«እውነቱ ያ ከሆነ።»

«ለሰው ሁሉ ንጽሕና ስታስተምሪ ኖረሽ? ተይ እማዬ። ማን ነገረሽ ማለቱ ምን ይጠቅመዋል?»

ናሙና ለመስጠት ስትጠራ ተነስታ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ለሐኪሙ እውነቱን ብነግረው ምን ይመጣል? ያፍርብኛል። ምናልባት እንደ እኔ ያለችውን ሴት ለተማሪዎቹ ምሳሌ ያደርጋታል። ብተወውስ? ሂሩት መድኃኒቷን ወስዳ ገለምሶ ትገባለች፤ ነገ ሲያሳክካት «እናቴ ያለችኝ ይሻላል» ትላለች። ምክንያቱም ልጄ ሐኪም ከሚላት ይልቅ እኔ የምላትን ነው የምትሰማው።

ተነሳሁና ወደ በሩ ሄድኩ። ወረፋ የያዙት አጉረመረሙ። አንድ ዱላ የያዙ አዛውንት «እንዴ፣ እኛ እዚህ የቆምነው ለጌጥ ነው?» አሉኝ።

«ይቅርታ አባባ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው።»

«አንድ ቃል ያለው ሁሉ ሲገባ ነው ከንጋት ጀምሮ እዚህ የደረቅሁት» አሉ፤ ግን ዱላቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዶክተር፣ ልጄ ዋሽታሃለች። በረኪናውን ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት አልፎታል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «ቁጭ ይበሉ» አለኝ። «እንኳን ነገሩኝ። እሷ ራሴ ነኝ ስትል፣ መድኃኒቱን ሰጥቼ ብሸኛት ተመልሳ ታጥበው ነበር።»

«እኔ ነኝ ያመከንኳት?»

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አላውቅም እማማ። የጨነገፈው ፅንስ አለ፣ ያኔ የነበረው ኢንፌክሽን አለ፣ ማጠቢያው አለ። የትኛው ምን ያህል እንደጎዳት ለይቼ ልነግርዎት አልችልም። ማጠቢያው ግን ረድቷታል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ጎድቷታል። መከነች የሚለውን ቃል ደግሞ ለጊዜው ይተዉት። ገና አላየንም።»

ወጥቼ ሂሩትን ፍለጋ ሄድኩ። በላብራቶሪው በር ሳልፍ «እትዬ አስካለ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘይቱና ናት። ተማሪ ሳለች እኛ ጤና ጣቢያ ለልምምድ መጥታ ነበር፤ የጭሮ ልጅ ናት፤ አሁን ነጭ ጋዋን ለብሳ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆናለች።

«ማል ተኤ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?» አለችኝ። ዘይቱና አንቱ ማለት አትችልበትም፤ አንቺ ስትለኝ ግን ከብዙ ሰው አንቱታ የበለጠ ፍቅር አለው።

ሁሉንም ነገርኳት። ሳትስቅ አዳመጠችኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይታ፣ «ልጅሽ ከፈቀደች አንድ ነገር ላሳይሽ» አለች። ሂሩት ፈቀደች። ዘይቱና ጋዋን አለበሰችኝና አስገባችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጤና ጣቢያችንን ማይክሮስኮፕ አቧራ የጠረግሁት እኔ ነኝ። በለስላሳ ጨርቅ፣ በጥንቃቄ። አንድም ቀን ግን ዓይኔን አስጠግቼ ወደ ውስጡ አላየሁም። እሱ የተማሩ ሰዎች ዕቃ ነው።

«ጠጋ በይ። አንዱን ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ።

መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። ዘይቱና አንድ ነገር አዞረች። ከዚያ ድንገት ሰማይ የተከፈተ መሰለኝ። ክብ ክብ ነገሮች፣ መሐላቸው ሐምራዊ፣ እልፍ ሆነው ተበትነዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከልጅሽ የወሰድኩት ነው። እነዚያ ክቦቹ ጠባቂዎቿ ናቸው። ይህን ያህል መብዛት አልነበረባቸውም። አሁን መሐል ያለችውን እይ። ሆዷ ውስጥ ነጠብጣብ አለ?»

«አዎ። እንደ ጤፍ ፍሬ።»

«ጀርም ነው። ውጣዋለች።»

ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ሃያ ዓመት ስዋጋው የኖርኩት ጠላት ያ ነው። ያቺ ትንሽ ክብ ደግሞ ያለ በረኪና፣ ያለ መጥረጊያ፣ ልጄ ሆድ ውስጥ ሆና ውጣዋለች።

«ጠላት መሆኑን በምን አወቀች?» አልኩ።

«እሱ ነው ጉዱ፣ ወላሂ። በሬ ገበያ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ነጋዴው የገዛውን በሬ ጀርባው ላይ ቀለም ይቀባዋል፤ ከዚያ የሚነዳው ሰው የትኛውን እንደሚወስድ ያውቃል። ሰውነታችን ውስጥም እንደዚያ ቀለም የሚቀቡ አሉ። ፕሮቲኖች ናቸው። በጣም ትንንሽ ስለሆኑ በዚህ አይታዩም። ጀርሙ ላይ ይለጠፉበታል፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ይበሱታል። ጠባቂዋ የተለጠፈበትን ስታይ መጥታ ትውጠዋለች።»

«ፕሮቲን እንቁላልና ምስር አይደለም እንዴ?»

ሳቀች። «ምስሩን ሰውነት ያፈርሰውና የራሱን ይሠራበታል። አንቺ አሮጌ ቀሚስ ተርትረሽ ለልጅ ልብስ አትሰፊም?»

«ማን አስተማራቸው ታዲያ?»

«ማንም። ክትባት የሚያስተምራቸው ሌሎች አሉ። እነዚህ ግን አብረውን የሚወለዱ ናቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም።»

«እንደ እኔ» አልኩ።

«ከአንቺ ይሻላሉ፤ በረኪና አያውቁም።»

አልተቀየምኩም። ስቄ ይሁን አልቅሼ አላስታውስም፤ የማይክሮስኮፑ ዓይን ግን ረጥቦ ዘይቱና በጨርቅ ጠረገችው።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሴት ልጅ ውስጥ ያለው እርጥበት እኔ እንደማስበው ቆሻሻ አይደለም። እነዚያ ያልተማሩ ፕሮቲኖች ተቀምጠው በር የሚጠብቁት እዚያ እርጥበት ውስጥ ነው። እኔ በረኪና ስልክበት ጀርሙንም ዘቡንም አንድ ላይ አጠብኩት። ሽፋኑም ተላጠ። ጀርም ቶሎ ይመለሳል፤ ዘብ ግን ቦታው እስኪያገግም ይዘገያል። ሰውነት ደግሞ ቆዳው ሲላጥ ጠላት የገባ ይመስለውና ሌላ ሠራዊት ይጠራል። ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይግላል። ቁጣው ጠላትን ለመግደል ጥሩ ነው። ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠራ፣ ወታደሩ የራሱን አገር ማቃጠል ይጀምራል። ጀርሙም ወደ ላይ ከወጣ፣ እንቁላል የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ጠባሳ ይይዝና ሊዘጋ ይችላል።

«ልጅስ?» አልኳት። «ልጅ እንዴት ነው እዚያ የሚያድረው? እንዲህ ያሉ ዘቦች ባሉበት?»

ዘይቱና ወንበሯን አስጠጋች። «እኔም ስማር ያስደነቀኝ እሱ ነው። ፅንስ ግማሹ የባል ነው። ለእናቲቱ ሰውነት ባዕድ ነው። ዘቦቹ ባዕድ ማሳለፍ አያውቁም። ፅንሱ ሲመጣ ግን ሥራቸውን ይለውጣሉ። ትንሽ ቁጣ፣ በልክ፣ የሚያርፍበትን ቦታ ለማለስለስ፣ የደም መንገድ ለመክፈት። ከዚያ ረገብ ይላሉ። ቁጣው ጭራሽ ከሌለ ፅንሱ አይዝም ይላሉ፤ ከበዛም አይዝም። ልኩን እነሱ ያውቁታል።»

«ልኩን ያውቁታል» ብዬ ደገምኩት።

ያኔ የተሰማኝን በምን ቃል ልንገራችሁ? ቤተ ክርስቲያን ስቆም የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነው። ጠላትን ገድሎ እንግዳን የሚያሳልፍ፣ ያውም አልጋ አንጥፎ የሚቀበል ዘብ በልጄ ውስጥ ነበር። እኔ ሳላውቀው፣ እሷ ሳታውቀው። እኔ ሂሩትን ስፀንስም እሷን ያሳለፉት እነሱ ናቸው። ማንም ሳያዛቸው።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ኢንፌክሽን አለ፤ ሂሩትም ባሏም በአንድ ጊዜ መድኃኒት መውሰድ አለባቸው፤ ካለበለዚያ ይመላለሳል። ከዚያ ስትድን ድሬዳዋ ሄዳ፣ ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ገብቶ በራጅ የሚታይ ምርመራ ታደርጋለች። ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸው ወይም መዘጋታቸው የሚታወቀው ያኔ ነው።

በማግስቱ ገለምሶ አብሬያት ሄድኩ። ሚኒባሱ በዴሳ ከተማ ላይ ሰው ሲያወርድ ሂሩት ጆሮዬ ስር «ለታደለ ቫይታሚን ነው ብንለውስ?» አለችኝ።

«አስተማሪ አይደለም እንዴ? ማንበብ አይችልም?»

«እሺ ምን ልንለው ነው?»

«አንቺ ምንም አትይም። እኔ ነኝ የምናገረው።»

«እናቱ ከሰሙ አለቀልኝ።»

«ካለቀም በእውነት ይለቅ» አልኩ። አፌ ደፈረ እንጂ የምናገረውን በልቤ ደጋግሜ አጠና ነበር። አንድ ቃል ብሳሳት ልጄ ትዳሯን ታጣለች።

ታደለ ለምሳ ሲመጣ ቤት ቁጭ ብለን ጠበቅነው። እጁ ላይ ጠመኔ አለ። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ጎንበስ ብሎ ሳመኝ።

«እማማ፣ በሰላም ነው?»

«ቁጭ በል ልጄ።» መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ሂሩት ታማለች። ይህ የእሷ ነው፤ ይህ ያንተ። አብራችሁ ካልዋጣችሁ አይድንም። ያሳመማት ደግሞ የራሷ ጥፋት አይደለም። ፅንሱ ከጨነገፈ ጀምሮ በበረኪና ታጠቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ማሳው የሚሉት ነገር ካለ፣ ማሳው ደህና ነበር። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ሂሩት አንገቷን ደፋች። ታደለ ጠመኔውን ከጣቱ እያራገፈ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ያ የምትፈራው ዝምታው ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

«በረኪናውን ከሱቅ የምገዛው እኔ ነኝ» አለ።

«ለልብስ መስሎህ ነው።»

«አይደለም እማማ። ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሲያቃጥላትም አይ ነበር። እርስዎ ጤና ጣቢያ ስለሠሩ ያውቃሉ ብዬ ነው። ክፍል ገብቼ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም።» ከዚያ ወደ ሂሩት ዞረ። «እናቴን ሰምተሻታል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዝም ያልኩት እናቴን መሳደብ ስላልቻልኩ ነው። ሌላ ማሳ አልፈልግም። ይህን ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ተነስቶ ውሃ አመጣ። ለእሷ ሰጣት፣ ለራሱ ቀዳ፤ እፊቴ መድኃኒቱን አብረው ዋጡ። እኔ የማደርገው አጥቼ ባዶውን ብርጭቆ ላጥብ ተነሳሁ፤ ታደለ ከእጄ ወሰደብኝ።

ድሬዳዋ የሄዱት ከሁለት ወር በኋላ ነው። አንዱ ቱቦ ተዘግቷል። በሌላው ግን ቀለሙ አልፏል። «አንድ በር ይበቃል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል» ተባሉ። ጊዜ ፈለገ፤ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሂሩት አረገዘች። ይህን የምጽፈው አምስተኛ ወሯን ይዛ ነው። ያ የመጀመሪያው የጨነገፈበት ወር አልፏል። ሐኪሙ ቱቦዋ የተጎዳ ሴት ስታረግዝ ፅንሱ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ቶሎ መታየት አለባት ብሎ ስለነበር ገና ከጅምሩ ታይታለች፤ ፅንሱ በቦታው ነው። የሚመጣውን ግን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶች፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ያየሁትን ነው። ልጆቻችሁን ለመጠበቅ የምታደርጉት ነገር ካለ፣ ከማድረጋችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ሴት ልጅ ውስጧን ማጠብ አያስፈልጋትም፤ በሎሚም፣ በሳሙናም፣ በጨውም። ፈሳሹ ከተለወጠ፣ ካመማት፣ ካቃጠላት ወደ ሕክምና ነው። ሁለት ዓመት የወሰደብኝን እናንተ በአንድ ቀን ያዙት። ልጃችሁ ለእናንተ ስትል እንደምትዋሽም እወቁ። የእኔ ልጅ ክብሬን ለመጠበቅ ማህፀኗን ልትሰጥ ነበር።

አሁንም ፈሪ ነኝ። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። ሌሊቱ ሲነጋ መጀመሪያ የማስበው ዛሬ ምን ላድርግላት የሚለውን ነው። ከዚያ ያ ክብ ሰማይ ትዝ ይለኛል፤ ልኩን የሚያውቁት፣ አሁን በዚህች ሰዓት እንግዳውን ተቀብለው ዝም ያሉት። ሥራቸው ላይ ናቸው። እኔ የምጨምርላቸው የለም።

ሂሩት በየጠዋቱ ትደውልልኛለች።

«እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ።

«ደህና። ሲንቀሳቀስ አደረ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ምንም አታድርጊ እማዬ።»

«እሺ» እላታለሁ። ስልኩን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ምንም አላደርግም።